ሁለት ምላስ ያለው የበግ ዋጋ

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገርሽ ሁለት ምላስ አለው!»

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ አልሞላም። ደብረ ብርሃን በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚያደርጋት የኖረባት ያውቀዋል። ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ መስሎ ይታያል፤ ከብርድ ልብስ ውስጥ እጅ ማውጣት ራሱ ወኔ ይጠይቃል። የደወሉልኝ ከመንዝ በግ እያመጡ የሚነግዱ ሰው ናቸው። እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ተፈጠረ?»

«እኔ በስልኬ ሳየው የመሐል ሜዳ ሙክት 11,200 ይላል። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በራሱ ስልክ ሲያየው 12,600 ይላል። ገበያው አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ በጉ አንድ። የቱን ልመን?»

«ነገርሽ» የሚሉት የዋጋ ሰሌዳዬን ነው። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ጠይቆኝ የሠራሁት ድረ ገጽ ነው። በየገበያው ያለ አንድ ሰው የዕለቱን ዋጋ በስልኩ ያስገባል፤ የፈለገ ሁሉ ከፍቶ ያያል። ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ የበግ፣ ከኢነዋሪ የስንዴና የምስር፣ ከሸዋ ሮቢት የማሾ፣ ከደብረ ብርሃን የገብስ። ሰሜን ሸዋን የማያውቅ ሰው ይሄ ሁሉ አንድ አካባቢ ነው ሲባል ይገርመዋል። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ጋቢ ተከናንበን ስንቀመጥ፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው ጃኬቱን አውልቆ በእጁ ይይዛል። የሚበቅለው ሌላ፣ የሚረባው ሌላ፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ሁለት በግ ይዞ ከቤቱ የሚነሳ ገበሬ ደብረ ብርሃን ስንት እንደዋለ ቀድሞ ካወቀ መንገድ ላይ የሚጠብቀው ደላላ አያሞኘውም። 1,400 ብር ለአንድ ቤት የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ነው። ያን ሳስብ ነው የደነገጥኩት።

በመጀመሪያ ላፕቶፔን አልጋዬ ላይ ከፍቼ ዳታቤዙን አየሁ። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ 12,600። ድረ ገጹን ከፈትኩ፤ 12,600።

«ጋሼ፣ ትክክለኛው 12,600 ነው። ስልክዎ የትናንቱን ይዞ ቀርቶ ይሆናል፤ እስኪ ገጹን ያድሱት።»

«አደስኩት። አሁን 12,600 አለ። ቆይ… ደግሜ ሳድሰው ደግሞ 11,200 አለ።»

ያን ጊዜ ተነስቼ ጫማዬን አደረግኩ። በአንድ ስልክ ላይ አንዴ አዲሱ አንዴ አሮጌው የሚመላለስ ከሆነ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም።

ሰርቨሩ የማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ያለ ያረጀ ዴስክቶፕ ነው። እዚያ ስደርስ ጸሐፊዋ ከሰሉን እያራገበች ነበር፤ ገና ሳልጠይቃት «ትናንት ከሰዓት መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ እኮ ደህና ነበር፤ ሁሌም መብራት ከመጣ በኋላ ደህና ይሆናል» አለችኝ። ይህቺን ንግግሯን ልብ በሉልኝ። ከዚያ በኋላ ካነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ የጠቀመችኝ እሷ ናት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚድን ችግር ማለት፣ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር ላይ የተቀመጠ ችግር ማለት ነው። ዳታቤዝ ዲስክ ላይ ነው፤ አይጠፋም። የሚጠፋው ሜሞሪ ላይ ያለው ነው።

ሰሌዳው የተጻፈው በፓይተን ቋንቋ፣ ጃንጎ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። ጉኒኮርን በሚባለው አስነሺ አራት ዎርከር አድርጌ ነው የማስነሳው፤ አራት ዎርከር ማለት አንዱን ፕሮግራም የሚሠሩ አራት የተለያዩ ፕሮሰሶች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሜሞሪ ያላቸው ቅጂዎች፣ ማለት ነው። የሚመጣው ጥያቄ ከአራቱ ክፍት ሆኖ ለተገኘው ይደርሳል። እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው፤ በገጹ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ መልሱን የሰጠው ፕሮሰስ ቁጥር እንዲታይ አንድ መስመር ጨመርኩ። ከዚያ ከጸሐፊዋ አንድ ወረቀት ተቀብዬ በመካከሉ መስመር አሰመርኩና ገጹን እያደስኩ በግራ የፕሮሰሱን ቁጥር፣ በቀኝ የወጣውን ዋጋ መጻፍ ጀመርኩ። ጣቶቼ ደንዝዘው ቁጥሩ ሁሉ ተንጋዷል። 2114፣ 11,200። 2117፣ 11,200። 2115፣ 12,600። 2114፣ 11,200። 2116፣ 11,200። 2115፣ 12,600። ሃያ ጊዜ አደስኩት። ሃያውም መስመር አንድ ነገር ነው የሚለው፦ 2115 በመጣ ቁጥር አዲሱ ዋጋ፣ ሌሎቹ ሦስቱ በመጡ ቁጥር አሮጌው። አንዴም አልተዛነፈም።

አሁን ጥያቄው «ለምን ዋጋው ይቀያየራል» መሆኑ ቀርቶ «2115 ከወንድሞቹ ምን ለየው» ሆነ። መልሱ ቅርብ ነበር። ጠዋት የመሐል ሜዳው ልጅ አዲሱን ዋጋ ሲያስገባ ጥያቄው የደረሰው ለ2115 ነው።

ማሽኑ አቅም ስለሌለው በየጊዜው ዳታቤዙን እንዳያስጨንቀው ዋጋዎቹን ካሽ ላይ፣ ማለትም ቶሎ የሚነበብ ጊዜያዊ ማስቀመጫ ላይ፣ አስቀምጥ ነበር። አዲስ ዋጋ ሲገባ አሮጌውን ከካሹ ላይ አጠፋለሁ፤ ኮዱ ትክክል ነው፣ ዛሬም ያው ኮድ ነው ያለው። ግን ካሹ የት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጃንጎ ላይ ምንም ሳይነግሩት ካሽ ሲጠቀሙ የሚሰጠው እዚያው ፕሮሰሱ ሜሞሪ ላይ የሚቀመጠውን ነው። የጃንጎ ሰነድም በግልጽ ጽፎታል፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የግሉ ካሽ ይኖረዋል፣ አንዱ የሌላውን አያይም። እኔ አንድ ካሽ አለኝ ብዬ ስኖር አራት ነበሩኝ። 2115 የራሱን አጠፋ፤ ሦስቱ ወሬውም አልደረሳቸው።

ላፕቶፔ ላይ ለምን አልታየም? ለመሞከሪያ የምናስነሳው የጃንጎ ሰርቨር በአንድ ፕሮሰስ ነው የሚያስተናግደው፤ አንድ ካሽ ብቻ አለ፤ ሊጣሉ የሚችሉ ሁለት የሉም። ደግሞ ካሹ ላይ ያለ ነገር የሚቆይበትን ዕድሜ ባልነካው ኖሮ ጃንጎ በራሱ የሚሰጠው ዕድሜ 300 ሰከንድ ነው፤ አሮጌው ዋጋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋና ማንም ልብ ሳይለው ይቀር ነበር። እኔ ግን ዋጋ የሚለወጠው በገበያ ቀን ነው ብዬ 86,400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ሰጥቼዋለሁ። አሁን ሳስበው እንኳን ሰጠሁት እላለሁ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ተደብቆ ዓመት ይኖር ነበር፤ በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ አይቶ በጉን በርካሽ የሸጠውን ሰው ማንም አይቆጥርልኝም።

ለጋሼ ደውዬ ላስረዳቸው ስሞክር «ካሽ» የሚለው ቃል አስቸገረኝ፤ ለእሳቸው ካሽ ጥሬ ገንዘብ ነው። እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ አንድ ዋና መዝገብ አለ እንበል። አራት ጸሐፊዎች ደግሞ በየኪሳቸው ማስታወሻ አላቸው። ሰው ዋጋ ሲጠይቃቸው ዋናው መዝገብ ድረስ ላለመሄድ ከኪሳቸው አውጥተው ያነባሉ። አዲስ ዋጋ ሲመጣ የሰማው አንዱ ብቻ ነው የኪሱን ወረቀት የሚቀድደው።»

«ታዲያ ማስታወሻውን ከኪሳቸው አውጥተሽ ግድግዳ ላይ ስቀይው፤ ሁሉም ከዚያ ያንብቡ።»

ያደረግኩት ልክ እሱን ነው። ግድግዳው ሬዲስ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ለብቻው የሚቆም፣ አራቱም ዎርከሮች የሚያነቡበትና የሚጽፉበት። ጃንጎ ከ4.0 ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 2021 ወዲህ፣ ሬዲስን ያለ ሌላ አገናኝ ፓኬጅ በራሱ ይደግፋል፤ የፓይተኑን የሬዲስ ደንበኛ ብቻ መጫን ነው። ሴቲንጉ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ነው የለወጥኩት። እውነቱን ለመናገር ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሰሌዳ ካሹን እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ በአንድ ቴብል ማስቀመጥም ይበቃ ነበር፤ ጃንጎ እሱንም ይችላል። ሬዲስን የመረጥኩት ስለማውቀው ነው። ሃያ ጊዜ አደስኩ፣ ሃያውም 12,600። ጋሼም ደውለው «አሁን አንድ ምላስ ሆነ» አሉኝ።

ለኅዳር ጽዮን ጥቂት ቀን ሲቀረው ደግሞ ሌላ መጣ። ሞላሌ ላይ ሙክት በ99 ብር።

አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች፤ ኮድ እየተለማመደች ነው፣ ጎበዝ ናት። መለማመጃ እንዲሆናት የሰሌዳውን ግልባጭ እዚያው ማሽን ላይ፣ በሌላ ፖርት አስነስቼላት ነበር። ዳታቤዙ የተለየ ነው፤ እሱን አስቤበት ነበር። ሬዲሱ ግን ያው አንዱ ነው። 99 ብር እሷ ለሙከራ ያስገባችው ቁጥር ነው። የሬዲሱን መስኮት ከፍተን ቁልፎቹን፣ ማለትም እያንዳንዱ ዋጋ የተቀመጠበትን ስም፣ ስናይ ሁሉም የሚጀምሩት በሁለት ነጥብ፣ ከዚያ አንድ ቁጥር፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ነጥብ ነው። ጃንጎ ቁልፉን የሚሠራው ከሦስት ነገር ነው፤ ቅድመ ቅጥያ፣ የቨርዥን ቁጥር፣ ከዚያ እኛ የሰጠነው ስም። ቅድመ ቅጥያ ካልሰጡት ባዶ ነው፤ ቨርዥኑ ካልነኩት 1 ነው። ስለዚህ የእሷ «የሞላሌ ሙክት» እና የእውነተኛው «የሞላሌ ሙክት» አንድ ቁልፍ ናቸው። ግድግዳውን ለአራት ጸሐፊ ብዬ ሠርቼው የጎረቤትም ልጅ ይጽፍበት ኖሯል።

ለእያንዳንዱ የየራሱን ቅድመ ቅጥያ ሰጠን፤ በዚያ ላይ ሬዲስ እንዲሁ ሲጫን ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 ክፍሎች ስላሉት መለማመጃውን ወደ ሌላ ቁጥር አዛወርነው። ልጅቷ ሳግ እየተናነቃት ይቅርታ ስትለኝ ነው የከፋኝ። የእሷ ጥፋት አልነበረም። ለመለማመድ የተሰጣት ቦታ ላይ ነው የተለማመደችው፤ አጥሩን ሳላጥር የሰጠኋት እኔ ነኝ። ይህንኑ ነገርኳት፤ ለማኅበሩ ሊቀ መንበርም እንደዚሁ ብዬ ጻፍኩ።

ከገና በኋላ ኮዱን ላጽዳ ብዬ ተነሳሁ። የዋጋ ነገር ሁሉ የታጨቀበት አንድ ረጅም ፋይል ነበር፤ ከፋፍዬ ወደ ሦስት ፋይል አደረግኩት፤ የድሮውን አጠፋሁ። ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት፣ ሠራ። ሰርቨሩ ላይ አወጣሁት። መሐል ሜዳ ይከፈታል፣ ደብረ ብርሃን ይከፈታል፣ ሸዋ ሮቢት ይከፈታል። ሞላሌና ኢነዋሪ ግን ኢረር። ሎጉ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚጽፈው ማስታወሻ፣ የሚለው «እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም» ነው፤ ሞጁል ማለት በፓይተን አንድ የኮድ ፋይል ነው፤ የሚጠራውም ያጠፋሁትን የድሮውን ፋይል ስም ነው።

መቼም ኢምፖርቱን፣ ማለትም ሌላ ፋይል የሚጠራበትን መስመር፣ ሳልለውጥ የረሳሁት ቦታ አለ ብዬ የድሮውን ስም በጠቅላላው ኮድ ውስጥ ፈለግኩ። አንድም ቦታ የለም። ደግሜ ፈለግኩ። የለም። ጉኒኮርንን አጥፍቼ አስነሳሁ፤ ያው። ያቺ የጸሐፊዋ መድኃኒት ትዝ ብላኝ ማሽኑን ራሱን አጥፍቼ አስነሳሁት፤ ያው ነው። ያን ጊዜ ነው መልሱ የበራልኝ። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ የማይድን ከሆነ፣ ሳይጠፋ የሚቆይ ቦታ ላይ ነው ያለው። ሬዲስ ደግሞ የያዘውን በየጊዜው ዲስክ ላይ ይገለብጣል፤ ሲነሳ መልሶ ያነበዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንጎ ወደ ሬዲስ የሚልከውን ነገር ፒክል በሚባለው የፓይተን ዘዴ ያሽገዋል። እኔ ካሹ ላይ የማስቀምጠው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ራሴ በጻፍኩት የዋጋ ክላስ፣ ማለትም የዕቃ ንድፍ፣ የተሠራውን ሙሉ ዕቃ ነበር። ፒክል ክላሱን አያሽግም፤ የሚያሽገው ውስጡ ያለውን እና አድራሻውን ነው፦ «ይሄ ዕቃ በእንዲህ ያለ ሞጁል ውስጥ ያለ እንዲህ የሚባል ክላስ ነው» የሚል። እሽጉ ሲፈታ ፓይተን ያንን አድራሻ ይዞ ይሄዳል፤ ያንን ሞጁል ኢምፖርት ያደርጋል። ቤቱን አፍርሼዋለሁ፤ ደብዳቤው ግን የድሮውን አድራሻ ይዞ ሬዲስ ውስጥ ተቀምጧል። መሐል ሜዳ የዳነው ጠዋት አዲስ ዋጋ ገብቶለት አሮጌው እሽግ ስለተጠረገ ነው። ሞላሌና ኢነዋሪ የገበያ ቀናቸው አልነበረም፤ የትናንቱ እሽግ እንዳለ ነው።

ይሄኛውን ችግር የምወደው ለዚህ ነው፤ የካሽ ነው ቢባል የካሽ ነው፣ የኢምፖርት ነው ቢባል የኢምፖርት ነው። በኮዱ ውስጥ የኢምፖርት መስመሩ የለም፤ መስመሩ ዳታው ውስጥ ነው የተቀመጠው። ማንም በኮድ ፍለጋ አያገኘውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሽ ላይ የራሴን ክላስ አላስቀምጥም። ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ዝርዝር፣ ዲክሽነሪ (ስምና ይዘትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚይዝ)፤ በቃ። ሲወጣ እንደገና ዕቃውን እሠራዋለሁ። የዕቃው ቅርጽ ከተለወጠ ደግሞ ያችን የቨርዥን ቁጥር ከ1 ወደ 2 አደርጋለሁ፤ አሮጌዎቹ ቁልፎች እዚያው ይቀራሉ፣ ማንም አይጠራቸውም፣ ዕድሜያቸው ሲያልቅ ይጠፋሉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፒክል ሲፈታ ኮድ ማስኬድ ይችላል፤ ስለዚህ ሬዲሱን ለውጭ ኔትወርክ ክፍት አድርጎ መተው በርን ገርበብ አድርጎ እንደ መተኛት ነው። እኛ የምናስነሳው ከዚያው ማሽን ብቻ እንዲሰማ አድርገን ነው።

ወደ ሌላኛው ወገን ልለፍ፤ ወደ ኢምፖርት፣ ወደ ስም።

የዘመን መለወጫ ሰሞን ሰሌዳው ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር እንዲወጣ ብዬ አንድ ፋይል ጽፌ ነበር። 13 ወር፣ ጳጉሜ 5፣ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ 6፤ ከዚያ በኋላ ያለው መስከረም 1 በፈረንጁ ሴፕቴምበር 12 ላይ የሚውልበት። እያንዳንዱን ስሌት በእጄ አመሳክሬ ነው የጻፍኩት። ስሙን ካሌንደር ዶት ፓይ አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል? ዋናው ፎልደር ላይ አስቀመጥኩት፤ እስከ የካቲት ያለ ምንም እንከን ሠራ።

የካቲት ላይ ስማርት ስልክ ለሌላቸው ገበሬዎች ዋጋውን በቴክስት እንላክ ተባለና ለዚያ ሪኩዌስትስ የሚባለውን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ፣ ጨመርኩ። ሰሌዳው ጭራሽ አልነሳ አለ። ሎጉ የሚለው «ታይምጂኤም የሚባል ስም ካሌንደር ውስጥ አላገኘሁም» ነው። እኔ ታይምጂኤም የሚባል ነገር ጠርቼም ሰምቼም አላውቅም። ላይብረሪው ተበላሽቷል ብዬ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ቨርዥኑን ቀየርኩ፤ ግማሽ ቀን ሄደ። አብራኝ ያለችው ልጅ ነች ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «እቴቴ፣ ይሄ ቅንፍ ውስጥ ያለው የእኛ ፎልደር አይደለም እንዴ?» ያለችኝ። የኢረሩ የመጨረሻ መስመር ላይ፣ ቅንፍ ውስጥ፣ ፓይተን ያገኘው ካሌንደር የትኛው እንደሆነ ሙሉ መንገዱን ጽፎታል፤ የእኔን ፋይል። አይኔ ሁልጊዜ ቅንፉ ጋ ሲደርስ ነበር የሚያቆመው።

ፓይተን ራሱ ካሌንደር የሚባል ሞጁል አለው። ሪኩዌስትስ የኩኪ ነገር ለመሥራት የፓይተንን የኩኪ ሞጁል ይጠራል፤ እሱ ደግሞ ከካሌንደር ላይ ታይምጂኤምን ይፈልጋል። ፓይተን ስም ሲጠራ መጀመሪያ የሚፈልገው ፕሮግራሙ የተነሳበት ፎልደር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ራሱ ዕቃ ቤት የሚሄደው። ሞክሼ ናቸው። «ካሌንደር!» ብሎ በር ላይ ሲጣራ የእኔው ቀድሞ «አቤት» አለ። አዳዲሶቹ የፓይተን እትሞች ይህን መሰል ሞክሼነት ሲጠረጥሩ «የፋይልህን ስም ለውጥ» ብለው እዚያው ኢረሩ ላይ ይመክራሉ፤ እኛ ጋ ያለው ግን የቆየ ነው። ፋይሉን ባሕረ ሐሳብ ብዬ በላቲን ፊደል ጻፍኩት። ቀድሞም ስሙ እሱ መሆን ነበረበት።

እግረ መንገዴን፦ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚመከረው «ፓይካሽ ፎልደሩን አጥፊው» ነው። እኔም አጠፋሁት፤ ምንም አልፈየደም። ከፓይተን 3.2 ጀምሮ እዚያ ፎልደር ውስጥ ያለው፣ ፓይተን ቶሎ ለማንበብ አቀነባብሮ ያስቀመጠው ፋይል፣ ዋናው ምንጭ ከሌለ ብቻውን አይጠራም፤ ስለዚህ የጠፋ ፋይል መንፈስ ከዚያ አይነሳም። ጊዜያችሁን ለሌላ አውሉት።

የሞክሼው ተቃራኒ ደግሞ መጋቢት ላይ መጣ። የሸዋ ሮቢቱ ሰው ደወለና «ማሾ ከዝርዝሩ የት ሄደ?» አለኝ። ዳታቤዙ ላይ አለ። ገጹ ላይ የለም። ካሹን አየሁ፤ በዚያ ወገን ንጹሕ ነው። እያንዳንዱ የእህል ዓይነት ፕሮግራሙ ሲነሳ ስሙን የሚያስመዘግብበት መዝገብ የሚባል አንድ ሞጁል አለኝ፤ ውስጡ አንድ ዲክሽነሪ ነው ያለው። ማሾን የጨመረችው ልጅቷ ናት፤ ኮዷ እንከን የለውም፤ ተመዝግቧል። ግን ዝርዝሩን የሚያሳየው ገጽ ሲያነብ ማሾ የለም።

በዚህ ጊዜ ሁለታችንም የቀደመው ወረቀት ትዝ ብሎናል። ማስመዝገቢያው ላይ የዲክሽነሪውን መለያ ቁጥር እንዲያትም አደረግን፤ ማንበቢያው ላይም እንዲሁ። ሁለት የተለያዩ ረጃጅም ቁጥሮች ወጡ። አንድ ፕሮሰስ፣ አንድ ፋይል፣ ሁለት ዲክሽነሪ።

ምክንያቱ ድሮ ሴቲንጉ ላይ የጻፍኳት አንዲት መስመር ናት፤ የውስጡን ፎልደር ፓይተን ስም ከሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር ላይ የምትጨምር። በእሷ የተነሳ ያንኑ ፋይል «ገበያ ነጥብ መዝገብ» ብሎ መጥራትም ይቻላል፣ «መዝገብ» ብቻ ብሎ መጥራትም ይቻላል። ፓይተን አንድን ሞጁል አንዴ ካነበበ በኋላ ደግሞ አያነብም፤ ሲስ ሞጁልስ የሚባል የራሱ ዝርዝር አለው፣ ሲጠራ ከዚያ ያወጣል። ይህም ካሽ ነው እንግዲህ። የሚያስቀምጠው ግን በስም ነው። እኛ አገር ሰው የክርስትና ስም አለው፣ የቤት ስም አለው፤ ወለተ ማርያም ቢሏትም በቤት ስሟ ቢጠሯትም የምትመጣው ያችው ልጅ ናት። ፓይተን ይህን አያውቅም። በሁለት ስም ከተጠራ ሁለቴ ያነበዋል፣ ሁለት ሰው አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ሁለቱም የየራሳቸው ባዶ ዲክሽነሪ ይዘው ይነሳሉ። ማሾ የተመዘገበው በቤት ስሙ፤ ገጹ የሚያነበው በክርስትና ስሙ።

መስመሯን አጠፋናት፤ ሁሉንም ኢምፖርት በሙሉ ስሙ አደረግን። ያን ስናደርግ እስከዚያ ተደብቆ የኖረ የዙሪያ ጥሪ ብቅ አለ፤ መዝገብ ዋጋን ይጠራል፣ ዋጋ መልሶ መዝገብን ይጠራል፣ ፓይተንም «ግማሹ ብቻ የተነሳ ሞጁል» ብሎ ይቆማል። ሁለቱም የሚፈልጉትን ነገር አውጥተን ሦስተኛ ፋይል ውስጥ አኖርነው፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልወሰደም።

አሁን ማንኛውም ችግር ሲመጣ መጀመሪያ እኔና ልጅቷ የምንጠይቀው ሁለት ጥያቄ አለ፤ ወረቀት ላይ ጽፋ ከሞኒተሩ በላይ ለጥፋዋለች። «ስንት ናቸው?» እና «በማን ስም ተጠሩ?» የሚል ነው። ከሥሩ ያቺ የ2115 ወረቀት አለች፤ ጸሐፊዋ ከሰል ልታያይዝባት ስትል ደርሼ ነው ያዳንኳት።

በገጹ ግርጌ ያለውን የፕሮሰስ ቁጥር አላነሳሁትም። ላነሳው ነበር፤ ግን ባለፈው ሳምንት ጋሼ ደወሉ። ዳገት ላይ ናቸው መሰለኝ፣ ከኋላቸው ነፋሱና የበጎቹ ድምፅ ይሰማል።

«ልጄ፣ የመሐል ሜዳ ሙክት 13,100 ይላል። ከታች ያለችው ቁጥርሽ ደግሞ 3208 ትላለች። ሦስቴ አድሼ ሦስት የተለያየ ቁጥር አየሁ፤ ዋጋው ግን ያው ነው። ልንዳ?»

«ይንዱ ጋሼ» አልኳቸው።